ለልጅ ነው የተባለው ካርድ

እኔን ጌም ቤት ያስገባኝ ዝናብ ነው። ከመድኃኒት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያዘኝና አንድ በር ሥር ተጠለልኩ፤ ከውስጥ የአውቶቡስ ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ስለሆንኩ ጆሮዬን ማንም አያታልለውም፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ ሞተር የሚያስጮህ ሹፌር ነው። እንዲህ ያለውን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም። አንገቴን ባስገባ፣ አንድ ጎረምሳ ሦስት ስክሪን ፊት ተቀምጦ መሪ ያሽከረክራል። ማርሽ ቀንስ እንጂ፣ ሞተሩን ገደልከው እኮ አልኩት። ቤቱን የሞላው ልጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጎረምሳው ግን ቅር ሳይለው ተነሣና እስቲ እርስዎ ያሳዩን ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እኔም አላንገራገርኩም፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰበብ እየፈለግሁ እሄድ ጀመር። ዳቦ ልግዛ፣ እግሬን ላፍታታ፣ አንድ ወዳጄን ልጠይቅ እላለሁ፤ ወዳጄ መሪው ነበር። ጌም ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰውዬ ቀጭን ስለሆነ ልጆቹ ሽቦ ይሉታል። እኔንም ወዲያው ስም አወጡልኝ፤ ጋሽ ፍሬቻ። መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳን ፍሬቻ ሳላሳይ አልታጠፍማ። ይሳቁ፤ እኔ የለመድኩት እንደዚያ ነው።

እዚህ ላይ የዓይኔን ነገር ልናገር፤ አለዚያ ቀሪው አይገባም። ግራ ዓይኔ አያይም። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እየጫንኩ ሳለ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ጉድፍ ገባና ጨፈንኩት። ጨለመብኝ። የግራው ቀስ በቀስ ሲሄድ ኖሮ እኔ አላወቅሁም። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ቁልፉን ለስምሪት ኃላፊው አስረከብኩ። ምነው ሲለኝ ወገቤ ነው አልኩት። ወገብ የሹፌር ሕመም ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሎ ጠብታ አዘዘልኝ። ጠብታውን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ።

የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። አስተማሪ ናት፤ ሂሳብ ነው የምታስተምረው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ለእሷም ያልኳት ወገቤ ነው። ለምን ደበቅሃት የሚለኝ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ አፈርኩ። ስንት ዘመን ሰው ገደል ለገደል ይዤ ስሄድ ተሳፋሪ እኔን አምኖ ነው እንቅልፉን የሚለጥጠው። ያ ሰውዬ ዛሬ ዓይኑ ጠፋ ተብሎ፣ ልጁ ወንበር እያሳየች እዚህ ጋ ቁጭ በል ስትለው መስማት አልፈለግሁም። በመታመም ይታፈራል ወይ ቢሉኝ፣ ሹፌር ሆናችሁ እዩት እላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እኔም አውቀዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ።

ታዲያ የሽቦን ቤት እንዲያ የወደድኩት ለሦስቱ ስክሪኖች ነው። የመካከለኛው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ያሳያል፤ የቀኙ የቀኙን መስኮት፤ የግራው ደግሞ የግራውን መስኮትና ስፖኪዮ፣ ያውም ስፖኪዮው የእውነተኛውን ያህል ሆኖ። እኔ አንገቴን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞርና በደህናው ዓይኔ አየዋለሁ። ከኋላ የሚመጣውን መኪና ቀለሙን ሳይቀር እለያለሁ። እውነተኛ መንገድ ላይ እንዲህ ልሁን ብል ሰው እፈጃለሁ፤ እዚያ ግን የሚሞት የለም። ዳገቱን እወጣለሁ፣ ኩርባውን እዞራለሁ፣ ተሳፋሪ አወርዳለሁ። እጄ ሥራውን አልረሳም። ከዚያ ወንበር ስነሣ ሰው ሆኜ ነው የምነሣው፤ ማታም እንቅልፍ ይወስደኛል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እዚያ ከሚጫወቱት ልጆች ግማሾቹ የልጄ ተማሪዎች ነበሩ። እራት ላይ ሳለን፣ “አባዬ፣ ጋሽ ፍሬቻ የሚባለው አንተ ነህ እንዴ?” አለችኝ። ፈገግ ብላ ይሁን ተኮሳትራ አላወቅሁም፤ በግራዬ ነበር የተቀመጠችው፣ ዞሬ እንዳላያት ደግሞ አፈርኩ። እህሉ ላይ እንዳቀረቀርኩ አንድ ሁለቴ ገብቼ ነበር አልኳት። ቆይታ ደግሞ፣ እዚያ ከሕፃናት ጋር ከምትጋፋ ለምን ለራስህ ደህና ኮምፒውተር አንገዛም አለች። እኔ የገባኝ፣ ሰው ሳያይህ ጓዳህ ገብተህ ተጫወት ማለቷ ነው። አስተማሪ ናት፤ ነገ ክፍል ውስጥ ስትገባ ልጆቹ የጋሽ ፍሬቻ ልጅ መጣች ብለው ሲሳሳቁባት ታየኝ። ፈረድኩላት። ፈረድኩላት ስል ግን ቅር አላለኝም ማለት አይደለም።

በማግስቱ ሽቦን አማከርኩት። ሽቦ ስለ ኮምፒውተር ሲያወራ ማቆሚያ የለውም፤ ፍሬኑ የተበጠሰ ነው። ዋናው ነገር ግራፊክስ ካርዱ ነው አለኝ፤ ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። አሁን ገበያ ላይ የሚፎካከሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሰማያዊ ካርቶን ይመጣል፣ አንዱ በብርቱካናማ። ሰማያዊው ፈጣን ነው፤ ተኩስ ለሚጫወት ልጅ የሚመቸው እሱ ነው። ግን ሜሞሪው ትንሽ ነው፣ የስክሪን መሰኪያውም ሁለት ብቻ። ብርቱካናማው ረጋ ያለ ነው፤ ሦስት ስክሪን ጭኖ ዳገት ይወጣል። እርስዎ ሚኒባስ ነው የሚፈልጉት አውቶቡስ ብሎ ሳቀብኝ። ብርቱካናማውን ይዘው ይምጡ፣ ሁለት አሮጌ ስክሪን እኔ እሰጥዎታለሁ አለ። ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ሱቅ ሄድን። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ በካርቶን ተሞልቷል። ባለሱቋ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣለች። ከመደርደሪያው ኋላ ፀጉሩን ያጎፈረ ሻጭ አለ። ወረፋ የያዙ ሁለት ጎረምሶች ሰማያዊ ይሻላል፣ ብርቱካናማ ይሻላል እያሉ የኳስ ቡድን እንደሚደግፍ ሰው ይሟገታሉ። አንደኛው ብርቱካናማ የሚገዛ ሰው ጡረታ የወጣ ነው አለ። ሁሉም ሳቁ። ባርኔጣዬን ወደ ታች ሳብኩ።

ሻጩ ተራችን ሲደርስ ለማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጎረምሶቹ ወደ እኛ ዞሩ። ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ፤ እኔም አፌን ያዝ አደረግሁና ሳልኩ። “ለልጅ ነው” አለች።

ለአባቴ ነው ማለት አቃታት ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ካፈረችብኝ ይኼው ይቅርባት፣ አላዋርዳትም አልኩ በሆዴ። ሻጩ ልጁ ምን ምን ይጫወታል አለ። ልጄ መልሱን ለእኔ ተወችው። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተኩስ ነው መሰለኝ የሚወደው አልኩ። ሻጩ እንግዲያው ሰማያዊው ነው የሚሆነው ብሎ ካርቶኑን አወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ብርቱካናማውን አጠገቡ አስቀመጠና እጁን ጫነበት። ስንት ስክሪን ነው የሚጠቀመው፣ ምናልባት ሦስት ከሆነ ይኼኛው ነው የሚሻለው አለኝ። ይኼ ልጅ እኮ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶልኝ ነበር። ሦስት ነው ብል ያበቃል። ነገር ግን ከጎረምሶቹ አንዱ ልጅ ሦስት ስክሪን ምን ያደርግለታል አለ፤ ሻጩም ቀና ብሎ መልሴን ጠበቀ። ምን ልበል? ስፖኪዮ ሊያይበት ልበል? ለምን ቢለኝስ?

“አንድ ይበቃዋል” አልኩ።

ልጄ ግንባሯን ቋጠረች። አባዬ እርግጠኛ ነህ አለችኝ ቀስ ብላ። ሽቦ ነው የነገረኝ አልኳት፤ የሽቦንም ስም አጠፋሁ። ብርቱካናማው ካርቶን ወደ መደርደሪያው ሲመለስ እያየሁ ቆምኩ። የሚገርመው ደግሞ እያወቅሁ መሆኔ ነው፤ ገደሉን እያየ የገባ ሹፌር ቢኖር እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩ ተገጥሞ ቤት መጣ። ልጄ የራሷን የማረሚያ ጠረጴዛ ለቀቀችልኝ፤ እሷ የተማሪ ደብተር አልጋዋ ላይ ዘርግታ ማረም ጀመረች። አብረን የገዛነውን መሪና ፔዳልም ራሷ ገጠመችው፤ ብሎኑን ስታጠብቅ እንደ እናቷ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች። በል ንዳ አለችኝ፤ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነዳሁ። በአንዱ ስክሪን ላይ የግራው ስፖኪዮ ጥፍር አክሎ ጥግ ላይ ተወሽቋል። የቀረችኝ ዓይን ያንን አትለይም። ለመቅደም ወጣሁ፤ ከኋላዬ በግራ የመጣውን ሞተር ሳይክል አላየሁትም። ድምፁን ነው የሰማሁት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ሰው ገጭተሃል ይላል።

ልጄ ሳቀች፤ አይዞህ፣ ገና አልለመድከውም አለችኝ። እኔ ግን እጄ መሪው ላይ ደረቀ። ያን ቀን መናኸሪያ ውስጥ ጉድፉ ባይገባብኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ስክሪኑ ላይ አየሁት። ወገቤን አመመኝ ብዬ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የነበረው አሳፋሪ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ታገኘኛለች፤ አውቶቡሱን መናኸሪያ ውስጥ አቁሜ ሞተሩን ብቻ አስነሥቼ። አሁን ገባሁ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው እላታለሁ። ወደ ሽቦ እንዳልመለስ፣ እሷ ለእኔ ብላ ይኼን ሁሉ ወጪ አውጥታ በምን ዓይኔ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደ። በሆዴ ደግሞ እሷኑ እወቅሳለሁ፤ ለልጅ ነው ባትይ ኖሮ፣ ባታፍሪብኝ ኖሮ እያልኩ። የራስን ጥፋት ለሌላ ማሸከም እንዴት ይቀላል።

አንድ ቀን መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ቆማ ኖሮ አላወቅሁም። አባዬ፣ ይኼ አውቶቡስ ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሰው አለችኝ። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ደግሞም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ካርዱ ነው፣ ሥዕሉ ይንቀጠቀጥብኛል፣ ጥሩ ካርድ አልሰጡንም አልኩ። ሕይወት የሌለው ዕቃ ስለሆነ አይመልስልኝም ብዬ ነው።

እሳት አመድ ይወልዳል ይላሉ፤ የእኔ እሳት ግን እሳት ነው የወለደው። ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ኮምፒውተሩን ነቀለችው። እኔ ተይው፣ ቀስ ብሎ ይስተካከላል ብል ማን ሰምቶኝ። ከታክሲ ወርደን ሱቁ እስክንደርስ ስትራመድ ልከተላት አቃተኝ። ሱቁ እንደ ልማዱ በሰው ተሞልቷል፤ ያኔ ሲሟገቱ የነበሩት ጎረምሶችም አሉ። ኮምፒውተሩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና የተበላሸ ካርድ ነው የሸጣችሁልን አለች፤ ክፍል ውስጥ የለመደችው ድምፅ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋል።

ሻጩ ደነገጠ። ካርዱን ከመሸጡ በፊት ራሱ እንደፈተሸው ተናገረ፤ ምናልባት ልጁ የሆነ ነገር ነካክቶ እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

“ምን ልጅ?” አለች። “ልጅ የለም። ካርዱ የአባቴ ነው። አውቶቡስ ነው የሚነዳበት።”

እንዲህ ብላ ወደ እኔ በእጇ አመለከተች። ድምፅዋ ውስጥ ሐፍረት ብፈልግ አጣሁ። እንዲያውም ሹፌር ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ አንድ ጭረት የለበትም ብላ ጨመረች፤ እየኮራች ነው። ያን ጊዜ ለምን ለልጅ ነው እንዳለች ሻጩ ቢጠይቃት፣ አባቴ ሰው ሲያየው ሲሸማቀቅ አይቼ ነው አለችው። ሰማሁት። ስንት ቀን ሙሉ አፈረችብኝ እያልኩ ሳማት የከረምኩት ልጅ፣ እኔው ባርኔጣዬን ስስብ አይታ ነው የሸፈነችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ነገር ግን ገና ነበር።

ባለሱቋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ለእኛ ይቅርታ ጠየቀችና ወደ ሻጩ ዞረች። ዕቃ ሳትፈትሽ አትሽጥ ያልኩህ ስንት ጊዜ ነው ትለዋለች፤ ይኼ ከተደገመ እዚህ ሱቅ አላይህም ትለዋለች። በሰው ፊት ነው ይኼን ሁሉ። ሻጩ ካርዱን አወጣና የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ገጠመው። ከባድ የተባለውን ጌም ከፈተ። ሁላችንም ከበን አየን። ሥዕሉ ቅቤ ነው፤ አንዴም አልተነቀነቀም። ካርዱ ጤነኛ ነው አለ ሻጩ፤ ለእኛ ሳይሆን ለባለሱቋ። እሷ ግን አልረካችም፤ ደንበኛ ከነዕቃው ተሸክሞ የሚመጣው ወዶ ነው ወይ አለችው።

ልጄ እጇን መደርደሪያው ላይ ጣለች። “እዚህ ይሠራ ይሆናል፤ ቤት ግን ይንቀጠቀጣል። ራሱ ነው የነገረኝ፤ አባቴ አይዋሽም” አለች።

ሻጩ አንገቱን ደፋ። ረዳት ሆኜ ስጀምር፣ ሹፌሩ ራሱ የሠራውን ጥፋት በእኔ አላክኮ ተሳፋሪ ፊት ሲሰድበኝ እንዲሁ ነበር አንገቴን የደፋሁት። ያን ሹፌር ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ እዚህ ባርኔጣ አድርጌ የቆምኩት።

“ካርዱ ምንም አልሆነም” አልኩ።

ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ባለሱቋ ምን አሉ አባት ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ጎረምሶቹም ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሳይሰማኝ ተናግሬ ማለፍ ፈልጌ ነበር፤ እሱም አልተሳካልኝም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁት እንጃ፤ ብቻ እጄ ሥራ ፈልጎ ነው።

“ካርዱ ምንም አልሆነም፤ ይኼ ሻጭም ምንም አላጠፋም። ይንቀጠቀጣል ያልኩት ውሸቴን ነው። ግራ ዓይኔ አያይም። በአንድ ስክሪን ስፖኪዮው አይታየኝም። ሦስት ስክሪን ነበር የሚያስፈልገኝ፤ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት።”

ይኼን ሁሉ የተናገርኩት ሻጩን እያየሁ ነው። የሚነገረው ለእሱ ነዋ፤ የተበደለው እሱ ነው ብዬ። እሱም ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሲለቀቅ አየሁ። ባለሱቋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባት፣ ጥሩ አደረጉ አለችኝ፤ የሻጩንም ትከሻ መታ መታ አደረገች። ብርቱካናማ የሚገዛ ጡረተኛ ነው ብሎ የነበረው ጎረምሳ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ካርቶን ማንበብ ጀመረ። እኔም ተንፈስ አልኩ። ይኼው ነው፣ ተነገረ፣ ሰው አልሞተም አልኩ በሆዴ። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ነካካኝ።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩ።

እስኪገባኝ ድረስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። እሷ እኮ አታውቅም። ቤት ውስጥ አብራኝ የምትኖር፣ አልጋዋ ላይ ደብተር የምታርም፣ ጠረጴዛዋን የለቀቀችልኝ ልጄ፣ አባቷ አንድ ዓይኑ መጥፋቱን ከኮምፒውተር ሻጭ ጋር፣ ከማታውቃቸው ጎረምሶች ጋር፣ ወረፋ ላይ ቆማ ሰማች። እጇ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። ዓይኖቼን አንዱን አየች፣ ቀጥላ ሌላውን፤ የትኛው እንደሆነ እየፈለገች ነው።

“ከመቼ ጀምሮ?” አለች።

“ሥራ የለቀቅሁ ጊዜ” አልኩ።

“ወገቡስ?”

“ወገቤን ምንም አላመመኝም።”

ሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ስታሰላ አየኋት። ስንት ማታ የወገብ ቅባት እንደቀባችኝ፣ ስንት ጊዜ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ብላ የውሃ ጀሪካን ከእጄ እንደነጠቀችኝ። እኔም ቅባቱን እየተቀባሁ እፎይ ስል ነበር፤ ጉድ ነው። ጎረምሶቹ ፊት ከማፈሬ ይኼኛው በለጠ። ያኔ ያፈርኩት ሰው እንዳይንቀኝ ነው፤ አሁን ግን ልጄ ናቀችኝ ወይ ብዬ እንኳን አልነበረም። አልነገርከኝም የሚል ፊት ነበር፤ ሌላ ምንም የለበትም። ለዚያ ፊት የሚሆን ሰበብ ብፈልግ አላገኘሁም።

ሻጩ ልጅ ጨዋ ነው፤ ሳይጠየቅ ብርቱካናማውን አውርዶ ለወጠልን፤ ባለሱቋም አልከለከለችውም። ሲገጥመው፣ ጋሼ ሦስቱንም ስክሪን በዚህ በዚህ ይሰኩ ብሎ መሰኪያዎቹን አሳየኝ፤ የግራውን በዚህኛው ብሎ በጣቱ ነካው። አመሰግናለሁ አልኩት። ይቅርታ ማለት ደግሞ ነበረብኝና አልኩት። እሱም ምንም አይደል አለኝ፤ ሰው ምንም አይደል የሚለው የሆነ ነገር ሲኖር ነው።

ወጣን። ልጄ ኮምፒውተሩን ታቅፋለች፤ ልቀበልሽ ብላት ራሷን ነቀነቀች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቁጣዋን ብታመጣው እችለው ነበር፤ ቁጣ ከእኔ ነው የወረሰችው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። አልተቆጣችም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ መኪናው ይመላለሳል፤ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ኮምፒውተሩን በአንድ ክንዷ አዛወረችና ሌላውን እጇን ነጻ አደረገችው።

“አባዬ” አለች፤ ድምፅዋ እንደ ተማሪ ነበር፣ እንደ አስተማሪ አልነበረም። “በየት በኩል ልሁንልህ?”

መልሱ አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ለማውጣት ሱቅ ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ በላይ ታገልኩ። መኪናዎቹ እስኪያልፉ ጠበቀችኝ፤ ካለፉም በኋላ ጠበቀችኝ።

“በግራዬ” አልኳት።

ዞራ መጣች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም፤ ክንዴን ስትይዘኝ ብቻ ተሰማኝ።